ሦስት ስምና ጓደኛቸው

ሂትሮው፣ እሑድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት

ሰዓቱን በሀገር ቤት አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ሃያ ሁለት ዓመት ለንደን ኖሬም ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ሰዓት አልተቀየረም፤ ልቀይረውም አልሞከርኩም።

የሌሊት ፈረቃዬን ጨርሼ ከአውሮፕላን ምግብ ማዘጋጃው ስወጣ ፀሐይ ብቅ ብላለች፤ ሰኔ ስለሆነ ለንደን ውስጥ ሌሊት የሚባለው ነገር ለይስሙላ ነው። ስምንት ሰዓት ሙሉ ትሪ ላይ ዳቦ፣ ቅቤ፣ ማንኪያ ስደረድር አድሬ፣ ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ ዳቦ፣ ቅቤ፣ ማንኪያ ነው። የአውሮፕላን ማረፊያው ሣር ላይ ስስ ጭጋግ ተኝቷል። አንድ ትልቅ አውሮፕላን ጭጋጉን ሰንጥቆ ሲነሳ ድምፁ የደረሰኝ ከታየኝ በኋላ ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ሁሉንም ነገር ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚሰማው።

የዛሬው ጉዞዬ ለወትሮው ከምጽፍላችሁ ይለያል። ወደ ባሕር ዳርቻም ወደ ገጠርም አልሄድም። ከሂትሮው ወደ ኬኒንግተን፣ ከኬኒንግተን ደግሞ ወደ ሼፈርድስ ቡሽ፤ አንድ ሽማግሌና አንድ ሳጥን ይዞ ለንደንን ማቋረጥ ነው። በሳጥኑ ውስጥ የክብር ሽልማት አለ። ሽማግሌው ደግሞ የሚሸለመው ሰው ናቸው።

ሰውየው ጋሽ መርዕድ ይባላሉ። «የቀበና አራቱ» ሲባል የሰማ አንባቢ ካለ ዕድሜውን እንዳልናገርበት። ላልሰማው፦ ከአብዮቱ በፊት ከቀበና ሰፈር የወጡ አራት ጎረምሶች ነበሩ፤ የጥቁር አሜሪካውያንን ሶል በአማርኛ የሚዘፍኑ። አንዱ ከፊት፣ ሦስቱ ከኋላ፤ አራቱም ሰናፍጭ ቀለም ያለው ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ አንድ ላይ ዞረው፣ አንድ ላይ ጣታቸውን አጩኸው። ሸክላቸውን እናቴ ቤት ውስጥ ከጋብቻ ወረቀቷ ጋር ነበር የምታስቀምጠው። ታዲያ በዚያ ሸክላ ላይ የተጻፈው ስም ሦስት ብቻ ነው፦ ታደሰ፣ ስዩም፣ ዘለቀ። ከዚያ «እና ጓደኛቸው» ይላል። ያ ጓደኛ ማን እንደሆነ በሰፈራችን ብዙ ተወርቷል። አንዳንዱ የሹም ልጅ ነው ይላል፣ ሌላው መነኩሴ ነው ይላል። ጋሽ መርዕድ ነበሩ። ሦስቱ አርፈዋል፤ እሳቸው ብቻ ቀርተዋል።

እኛ ምዕራብ ለንደን የምንኖር ጥቂት ሀበሾች በዓመት አንድ ጊዜ አንድ አንጋፋ የምናከብርበት ትንሽ ኮሚቴ አለን። እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ማዕረጉ ደስ ይላል፣ ሥራው ኢሜይል መላክ ነው። ጋሽ መርዕድን ለማሳመን ሦስት ወር ፈጅቶብኛል። መጨረሻ ላይ በስልክ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ ገንዘብም መኪናም አይደለም። «ስሜ ይጻፍ» አሉኝ። «ከተጻፈ እመጣለሁ። ካልተጻፈ ቤቴ እቀመጣለሁ።» ይጻፋል ብዬ በእናቴ ስም ማልኩላቸው።

የምድር ባቡር ውስጥ፣ ንጋት 12 ሰዓት

ጠዋት ከሂትሮው የሚነሳ ባቡር ውስጥ ያለው ሰው በሁለት ይከፈላል፤ አገር የሚያይና እንቅልፍ የሚያይ። ቱሪስቶቹ ሻንጣቸውን በጉልበታቸው ይዘው በመስኮት ያያሉ። ጽዳቶቹ፣ ጥበቃዎቹና እኛ ምግብ ደርዳሪዎቹ አገጫችንን ደረታችን ላይ ጥለን እንወዛወዛለን። አንዲት ጋናዊት ባልደረባዬ ትከሻዬ ላይ ተኝታ ሃውንስሎው ላይ ልክ እንደነቃ ሰው ብድግ ብላ ወረደች፤ ዓይኗን ግን አልከፈተችም።

ሳጥኑን ትናንት ወደ ሥራ ስገባ በብረት ላይ ስም ከሚቀርጸው ሰው ሱቅ ተቀብዬ ሳልከፍት የሥራ ቦታ ሎከሬ ውስጥ ቆልፌ ነበር ያስቀመጥኩት። አክተን ታውን ላይ ባቡሩ ሲቆም ከፈትኩት። ጥቁር እንጨት ላይ የተለበጠ የነሐስ ሰሌዳ ነው፤ ያምራል። ከላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «የቀበና አራቱ» ይላል። ከሥሩ አራት ስሞች፣ አንዱ ከአንዱ በታች፣ ተራ በተራ፦

ወንድይራድ
ገብረጻድቅ
ዳምጤ
አየልኝ

ደጋግሜ አነበብኩት። እንቅልፍ ነው ብዬ ዓይኔን አሸሁ። ታደሰ የለም። ስዩም የለም። ዘለቀ የለም። መርዕድ የለም። የተሸለሙት አባቶቻቸው ናቸው።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ከሁለት ሳምንት በፊት ቀራጺው ደውሎልኝ ነበር። እኔ ማሽኖቹ መሀል ቆሜ፣ አለቃዬ ዓይኑን እያጉረጠረጠብኝ። ስሞቹ ረጃጅም ናቸው፣ ፊደሉ ትልቅ እንዲሆን ከፈለግሽ ስምንቱ አይገቡም፣ እንደተለመደው የቤተሰቡን ስም፣ መጨረሻ ላይ ያለውን ብቻ ላድርገው አለኝ። «ኦኬ፣ ችግር የለም» አልኩት። በደንብ ሰምቼ፣ በደንብ ገብቶኝ ነው ያልኩት። ምክንያቱም እኔ እዚህ አገር ራሴን ከረሳሁ ቆይቻለሁ። ባንክ ቤት በዛብህ ነኝ፣ ሐኪም ቤት በዛብህ ነኝ፣ ደረቴ ላይ ያለው ባጅ በዛብህ ይላል። አባቴ አቶ በዛብህ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ሲመጡ እንኳ ያማቸው ነበር፤ ሂትሮው ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠሩት ግን እሳቸው ናቸው። ትርሲት የሚለኝ ሀበሻ ብቻ ነው።

እሑድ ነው፤ ሱቁ ዝግ ነው። ዝግጅቱ ስምንት ሰዓት ላይ ይጀመራል። ሌስተር ስኩዌር ላይ ወደ ሌላው መስመር ስቀይር በተንቀሳቃሹ ደረጃ ላይ ሳጥኑን እንደታመመ ሕፃን አቅፌ ነበር የምወርደው። አንድ ሰው ብቻ ጠይቆኝ ነበር፤ አንድ ነገር ብቻ።

ኬኒንግተን፣ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል

ከጣቢያው ወጥቼ በረጃጅም ቡናማ ሕንፃዎች መሀል አልፌ ከከተማው አስተዳደር ወደተከራዩት ካውንስል ቤታቸው ወጣሁ፤ ሦስተኛ ፎቅ። በረንዳው ላይ የጎረቤቶቹ ልብስ ተሰጥቷል፣ ከበታች አንድ ሰው ውሻውን በቀስታ ያናግራል። ጋሽ መርዕድ ለብሰው ነበር የጠበቁኝ። ሰናፍጭ ቀለም ያለውን ሙሉ ልብስ! በሰባ ስምንት ዓመታቸው ትከሻው ሰፍቷቸዋል፣ ቁልፉ ግን ይዘጋል።

ከቱርክ ሱቅ በተገዛ የተከካ ስንዴ የሠሩትን ቂንጬ አቀረቡልኝ። ቅቤው ግን የሀገር ቤት ነው፤ ከየት እንዳገኙት ስጠይቃቸው ፈገግ አሉ እንጂ አልነገሩኝም።

እየበላሁ ሳለ ሽልማቶቻቸውን አንድ በአንድ አወጡልኝ። ዋንጫው ማይክሮዌቩ ላይ ነው የሚኖረው፤ ቁልፍና የአውቶቡስ ካርድ ይቀመጥበታል። አንድ የአዲስ አበባ ሆቴል በዘመን መለወጫ ውድድር የሰጣቸው ነው። «ለታደሰ፣ ለስዩም፣ ለዘለቀ እና ለጓደኛቸው» ይላል። የራዲዮ አድማጮች ምርጫ የምስክር ወረቀትም አለ፤ ጥጉ ቢጫ ሆኗል፣ ፊርማው ደብዝዟል፣ «እና ጓደኛቸው» የሚለው ግን ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ሦስተኛው በእጃቸው ላይ ነበር። አንድ የወታደር ክበብ አዘፍኗቸው ሲያበቃ የእጅ ሰዓት ሸለማቸው፤ ስሙ የተጻፈው ሰው ሦስት ስለሆነ ሦስት ሰዓት። አራቱ ልጆች ሦስቱን ሰዓት በተራ አሰሩ። በየወሩ አንዱ ባዶ እጁን ይውላል። ይኼኛው የዘለቀ ነበር፤ ሲያርፍ ልጁ ላከችላቸው። ከቆመ ቆይቷል።

«ማነው ስምዎን እንዳይጻፍ ያደረገው?» አልኳቸው።

«እኔው ነኝ» አሉና ዋንጫውን ወደ ቦታው መለሱ። ከዚያ ዞር ብለው ሳጥኑን አዩት። «ደረሰ?»

«ደርሷል» አልኩ። ውሸት አይደለም፤ እውነትም አይደለም። ልክፈተው ብለው እንዳይጠይቁኝ ዓይኔን ቂንጬው ላይ ተከልኩ። እሳቸው ግን ሳጥኑን በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው፣ እዚያው ሕዝብ ፊት ነው የማየው አሉ። ድካሜን አይተው ሶፋው ላይ ጋደም እንድል አዘዙኝ፤ ጋቢ ጣሉብኝ።

ሦስት ሰዓት ያህል ተኛሁ። በሕልሜ ሰናፍጭ የለበሱ አራት ልጆች ሂትሮው ላይ ትሪ ይደረድራሉ፦ ዳቦ፣ ቅቤ፣ ማንኪያ፤ ከዚያ አንድ ላይ ይዞራሉ። አለቃዬ ስማቸውን በየተራ ይጠራል፣ ማንም አቤት አይልም። ስነቃ ጋሽ መርዕድ መስኮቱ አጠገብ ቆመው በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ያንጎራጉሩ ነበር። ዜማው የማውቀው መሰለኝ፣ ግን ልደርስበት አልቻልኩም።

148 ቁጥር አውቶቡስ፣ ከጠዋቱ 5 ሰዓት

ከኤለፋንት ኤንድ ካስል ተሳፈርን። ላይኛው ፎቅ ካልሆነ ጉዞ አይባልም ብለው ደረጃውን በዝግታ ወጡ። ሾፌሩ ጢሙን ያሳደገ ጎልማሳ ነው፤ የላይኛውን ፎቅ በሚያሳየው መስታወት እያያቸው ተቀምጠው እስኪጨርሱ አልተንቀሳቀሰም። ሲቀመጡ እጃቸውን ወደ መስታወቱ አነሱለት።

ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ለንደንን ማየት በአየር ላይ መንሳፈፍ ነው። የዛፎቹ ቅርንጫፍ መስታወቱን ይዳብሳል፤ ቅጠሉ አረንጓዴ ብርሃን ፊታቸው ላይ ያፈሳል። ዌስትሚኒስተር ድልድይ ላይ ስንደርስ ወንዙ ከፍ ብሎ ሞልቷል፤ ጀልባዎቹ ቆመው ውሃው የሚሄድ ሳይሆን ውሃው ቆሞ ድልድዩ የሚሄድ መሰለኝ። ጋሽ መርዕድ ሳጥኑን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ አዳራሹ ውስጥ ማን ማን እንደሚመጣ፣ የፊት ወንበር ላይ ስንት ሽማግሌ እንዳለ ይጠይቁኛል። ስማቸው ሲጠራ መነሳት አለባቸው ወይስ ተቀምጠው መጠበቅ? ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ይህን ጥያቄ የሚጠይቁት ገና ዛሬ ነው።

ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ሕዝብ ፊት ከሚከፍቱት እዚሁ ይርገሙኝ አልኩ። ቪክቶሪያን ስናልፍ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የስልኩን ነገር፣ «ችግር የለም» ማለቴን፣ ሱቁ ዝግ መሆኑን።

ሳጥኑን ከፈቱት። መነጽራቸውን አደረጉ። በጣታቸው ከላይ ወደ ታች አነበቡና መጨረሻው ላይ ቆሙ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ እመርጥ ነበር። ሃይድ ፓርክን ስናልፍ ሳጥኑን መልሰው ዘጉት። ማርብል አርች ላይ ከታጠፍን በኋላ ተነስተው ደወሉን ተጫኑ።

«የት ነው?» አልኳቸው።

«ልውረድ» አሉ። «ወደ ቤቴ ልመለስ።»

ቤይስዎተር መንገድ፣ 6 ሰዓት

ፓርኩ አጥር ዳር ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ እኔም አጠገባቸው። በአጥሩ ላይ ሠዓሊዎች ሥዕላቸውን ሰቅለዋል፣ አሥራ አምስት ፓውንድ የሚል ዋጋ የተጻፈበት የዝናብ ሥዕል ከበላያችን ተንጠልጥሏል። ከካፌ ሁለት ሻይ ገዛሁ፤ አምስት ፓውንድ ከስድሳ። የራሳቸውን አልነኩትም። ለመማለድ ከፍቼ የነበረውን አፌን ዘጋሁ።

ነገሩን ራሳቸው ጀመሩ። አባታቸው መሪጌታ አየልኝ በቀበና አካባቢ የታወቁ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ። ልጃቸው ከእነ ታደሰ ጋር መዝፈን ሲጀምር አልመቱትም፣ አላባረሩትም። አንድ ቀን ማታ ከራት በኋላ አንድ ነገር ብቻ አሉ፦ «ስሜን በሸክላ ላይ እንዳላይ። የመሪጌታ አየልኝ ልጅ አዝማሪ ሆነ እንዲባል አልፈልግም።» ልጁም ታዘዘ። ስሙን ከነአባቱ ስም አስፋቀ። ዋንጫ ሲመጣ ጓደኛቸው፣ ምስክር ወረቀት ሲመጣ ጓደኛቸው።

«እርስዎ መዝፈንዎን ግን አባትዎ አያውቁም ነበር?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ሰፈሩ በሙሉ ያውቅ ነበር። ራዲዮን የት ትደብቂዋለሽ?» አሉ። «ግን ስሜ ስላልተጠራ እሳቸው አልሰሙም፣ እኔም አልዘፈንኩም። እንዲያ ተከባብረን ኖርን።»

አባታቸው ሲያርፉ እሳቸው እዚህ ነበሩ፤ የመኖሪያ ወረቀት ስላልነበራቸው ሄደው አልቀበሩም። አንድም ቀን ቁጭ ብለው ነገሩን ሳያወሩት ቀረ። ለዚህ ነው ዘንድሮ እሺ ያሉኝ። ሁሉም አልፏል፣ የሚከፋው የለም፣ አንዴ እንኳን ልጠራ ብለው ነው።

«አሁን ደግሞ የእኔ ስም የለም፤ የእሳቸው ወጣ» አሉና ሳጥኑን አዩት። «ሃምሳ ዓመት የሸሸሁት ይህንኑ ነበር።»

ይቅርታ አልኳቸው። አለቀስኩ፤ መንገደኛው እያየኝ አለቀስኩ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ። «እኔንም በሰፈሬ ሐኪም ቤት ሠላሳ ዓመት ሚስተር አየልኝ ነው የሚሉኝ፣ አባቴ በእኔ ምትክ ስንት መርፌ ተወጉ መሰለሽ» አሉኝ። እያለቀስኩ ሳቅሁ።

ሁለት 148 አለፈን። ሁለተኛው ከሄደ በኋላ «እስኪ ስሞቹን እንደገና አንብቢልኝ» አሉ።

ወንድይራድ አልኩ። የታደሰ አባት፣ የወፍጮ ቤት ዘበኛ ነበሩ አሉ፤ ማታ ማታ ወፍጮው ሲቆም ለልምምድ የሚከፍቱላቸው እሳቸው ናቸው። ልብሳቸው ዱቄት በዱቄት ሆኖ ይወጡ ነበር። ገብረጻድቅ አልኩ። የስዩም አባት፣ ልብስ ሰፊ፤ ይህንን ሰናፍጭ ያገኙት ከቆየ የመጋረጃ ጨርቅ ነው፣ አራቱንም የሰፉት በአንድ ሳምንት። ዳምጤ አልኩ። የዘለቀ አባት፣ ወታደር፤ ከአንድ ግዳጅ ሲመለሱ ፒክአፕ የሚባለውን የሸክላ ማጫወቻ አምጥተው፣ ልጆቹ የመጀመሪያውን የአሜሪካ ሶል የሰሙት እሳቸው ቤት ነው።

አራተኛውን ከማንበቤ በፊት ቆም አልኩ። «የእርስዎስ አባት?»

«እኔ ይህን ድምፅ ከየት ያመጣሁት ይመስልሻል?» አሉ። «ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ቅኔ ማሕሌት አጠገባቸው ቆሜ ነው። ከጉሮሮህ አይደለም ከሆድህ አውጣው እያሉ፣ እጃቸውን ሆዴ ላይ አድርገው።»

እጃቸው ሳያውቁት ሆዳቸው ላይ ወዳለው የሰናፍጩ ኮት ቁልፍ ሄዶ ነበር። እጃቸውን አንስተው ተመለከቱት። ከዚያ የቀዘቀዘውን ሻይ በአንድ ትንፋሽ ጠጥተው ተነሱ፤ ሦስተኛው አውቶቡስም መጣ።

ሼፈርድስ ቡሽ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ገበያው እሑድ ስለሚዘጋ የሱቆቹ ብረት በር ሁሉ ወርዷል፤ የባቡሩ ድልድይ ሥር ያለው መተላለፊያ ባዶውን ሲታይ ሌላ ከተማ ይመስላል። አዳራሹ ግን ሞልቷል። ሳምቡሳ በትሪ፣ የፊት ወንበር ላይ ነጠላ የለበሱ እናቶች፣ ከኋላ ስልካቸውን የሚነካኩ ልጆች። የመድረክ መሪዋ ሶስና እዚሁ ለንደን የተወለደች ናት። ነገሩን ሹክ ስላት ደነገጠች። «ኦ ማይ ጋድ፣ ትርሲትዬ፣ አናውንስ ሳደርግ ምን ልበል? ጀስት ስኪፕ ላድርገው?» ጋሽ መርዕድ ሰምተዋል። ምንም አትበይ፣ ለእኔ ተዪው አሏት።

ሰሌዳው ተሰጣቸው፣ ፎቶ ተነሳ። የፊት ረድፍ ያሉት ሽማግሌዎች አንገታቸውን አስግገው አነበቡት። ማጉረምረም ተነሳ። ወንድይራድ ማነው? አየልኝ የሚባል ነበረባቸው እንዴ? አንዱ ጮክ ብሎ ታደሰ የት ሄደ አለ። እኔ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

ጋሽ መርዕድ ማይክሮፎኑን ያዙ። የወፍጮ ቤቱን ዘበኛ፣ ልብስ ሰፊውን፣ ወታደሩን በየተራ አስተዋወቁ። አባቶቻችን ናቸው አሉ። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ትንሽ ተሰበረ። «አየልኝ የቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ነበሩ። ዘፋኝ አልነበሩም፤ ዘፈንም አይወዱም ነበር። እዚህ ሰሌዳ ላይ መውጣታቸውን ቢሰሙ ይከፋቸዋል፤ ይቅር ይበሉኝ። ዋንጫው ላይ 'ጓደኛቸው' የተባልኩት ልጃቸው ነኝ። መርዕድ አየልኝ እባላለሁ።»

ከዚያ አንዲት እናት ከተቀመጡበት፣ አንተ ነህ እንዴ አሉ፤ ጭብጨባው ተከተለ። ዝፈኑልን የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው መጣ። ፊት ሆኖ የሚዘፍነው ታደሰ ነው፣ እሱ የለም፣ የእኔ ድርሻ ታችኛው ድምፅ ነው አሉ። ቢሆንም ብለን ለመንናቸው።

ጀመሩ። ማንም አላወቀውም። ጠዋት መስኮቱ አጠገብ የሰማሁት ነው፦ ዝቅ ያለ፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ብዙ የማይወጣ የማይወርድ ድምፅ። ዘፈኑን ሁላችንም ከልጅነታችን እናውቀዋለን፤ ይህንን ክፍል ግን ለብቻው ሰምተነው አናውቅም። ሰው እርስ በርሱ ይተያያል። አንዱ ስንኝ አለቀ፣ ሁለተኛው ተጀመረ። ያን ጊዜ ሦስተኛ ረድፍ ላይ ላሉ አንዲት እናት ገባቸው፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው የታደሰን ዜማ ከላይ ጣሉበት። አዳራሹ ሁሉ አንድ ላይ ነቃ። ሁለት መቶ ሰው የታደሰን ድርሻ ሲዘፍን እሳቸው ከሥር ነበሩ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንድ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው። ያለ እሳቸው ድምፅ ያ ዘፈን ምን ያህል ባዶ እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እናቴ ብትሰማው አልኩ፤ ደስታዬ አሳመመኝ።

ኬኒንግተን፣ ምሽት 1 ሰዓት

በዚያው አውቶቡስ መንገድ ተመለስን። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ የሰኔ ብርሃን የለንደንን ጡብ ሁሉ ማር ቀብቶታል። ጋሽ መርዕድ ሰሌዳውን ከሳጥኑ አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ በየፌርማታው የሚሳፈር ሰው እንዲያየው ወደ ውጭ አዙረውት ነበር። አንዲት ትንሽ ልጅ ምንድነው ብላ ስትጠይቃቸው በእንግሊዝኛ ሽልማት ነው አሏት፤ በሩጫ ነው ወይ ስትላቸው አዎ አሉ።

ደረጃውን ሦስት ቦታ አርፈን ወጣን። በራቸው ላይ ቆመን፣ ነገ ሱቁ ሲከፈት አዲስ አስቀርጻለሁ፣ በራሴ ገንዘብ፣ የአራታችሁም ስም ይገባል አልኳቸው። ቀኑን ሙሉ ሳስብበት የዋልኩት ነበር።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «የአባቶቹን እንዳታስነኪ» አሉ። «ከወጡ ወጡ።» ሰሌዳውን ወደ በረንዳው ብርሃን አዙረው አቀረቡልኝ። «ከፊታቸው ግን ቦታ የለም? እስኪ እይው።»

ጣቴን ከእያንዳንዱ ስም ፊት እያስቀመጥኩ ለካሁ። የመጨረሻው ላይ ሁለት ጊዜ ለካሁ። «አለ፣ ጋሼ። ፊደሉ ግን ትንሽ ነው የሚሆነው።»

«ትንሽ ይሁን» አሉ። ሰሌዳውን ወደ ሳጥኑ መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡት። «ታደሰን አስቀድሚ፣ ከዚያ ስዩምን፣ ዘለቀን። እኔን ከአባቴ ፊት አድርጊኝ። በስሜ።»